ኪሎ ሳይጨምሩ ጉልበት መጨመር



ብረት ማንሳት የጀመሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ነገር አለ፦ «ለመጠንከር የግድ መወፈር አለብን?» ጥያቄው ኪሳችንን ይነካል። በካፌ ምግብ የሚኖር ተማሪ በየቀኑ ሥጋና የታሸገ የፕሮቲን ዱቄት ከየት ያመጣል? ከእህቶቻችንም «ሰውነቴ ይገዝፋል» በሚል ስጋት ሳይጀምሩ የቀሩ አሉ። መልሱ አጭር ነው፤ የግድ አይደለም።

ቱርካዊውን ናኢም ሱለይማኖግሉን እንመልከት። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ በ60 ኪሎ ምድብ ተወዳድሮ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አነሳ፤ ይህም ከክብደቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። እኛ እሱ ጋር እንደርሳለን ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በክብደት ምድብ የሚወዳደር ሰው ኪሎው ከምድቡ ሳያልፍ ጉልበቱን መጨመር አለበት። መንገዱ እንዳለ ከዚህ እንረዳለን።

ጉልበት የሚመነጨው ከጡንቻ መጠን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውን ከሚያዘው ነርቭም ነው። ያልለመደ ሰው ከባድ ነገር ሲያነሳ የጡንቻው ቃጫዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። በልምምድ ግን ነርቮቹ ብዙ ቃጫዎችን በአንዴ ማዘዝ ይለምዳሉ፤ የእግር፣ የወገብና የጀርባ ጡንቻዎችም ተባብረው መሥራትን ይማራሉ። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያየው ለውጥ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ታዲያ እንዴት እንሥራ?

አንደኛ፣ ክብደቱ ከበድ፣ ድግግሞሹ አነስ ይበል። መጀመሪያ በቀላል ክብደት አቋማችንን እናስተካክል። ከዚያ በሳምንት 3 ቀን ስኳት፣ ቤንች ፕሬስና ዴድሊፍትን እያፈራረቅን፣ ለእያንዳንዱ ከ3 እስከ 5 ዙር፣ በዙር ከ3 እስከ 5 ጊዜ እናንሳ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የማንሳት አቅም ሲቀረን እናቁም። 60 ኪሎ በደንብ ከተነሳ በሚቀጥለው 62.5 እንሞክር። ቤንች ፕሬስ ስንሠራ አጠገባችን ሰው ይኑር።

ሁለተኛ፣ በዙሮች መካከል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እንረፍ። ጡንቻ ለአጭርና ከባድ ሥራ የሚጠቀምበት ኃይል ተመልሶ የሚሞላው በዚህ ጊዜ ነው። እየተጣደፉ መሥራት ላብ ያበዛል እንጂ ለጉልበት ብዙ አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ ምግብ። በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ጥሩ ግብ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር ደግሞ 24 ግራም ገደማ አለው። ሽሮ፣ ባቄላና ወተትም ያግዛሉ። ግቡ ባይሞላም ልምምዱ አይባክንም። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከቁርስ በፊት እንመዘን፤ ኪሎው ለተከታታይ ሳምንታት ከጨመረ ዘይትና ስኳር እንቀንስ። ከ7 ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍም ያስፈልገናል።

በረመዳን ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ፣ ምግቡ ትንሽ ሲረጋ እናድርገው። ክብደቱን ሳይሆን የዙሩን ብዛት እንቀንስ፤ ያገኘነው ጉልበት በጥቂት ሥራም ይቆያል። ሱሑርና ውኃ አይዘለሉ።

ይህ መንገድ ወሰን አለው። ከብዙ ወራት በኋላ እድገቱ ይዘገያል፤ ያኔ ጥቂት ጡንቻ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ጀማሪ ግን እዚያ ለመድረስ ብዙ ይቀረዋል። ስለዚህ ደብተር እንያዝ፤ ቀኑን፣ ያነሳነውን ክብደትና የሰውነታችንን ኪሎ እንጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ቁጥር አድጎ ሁለተኛው ባለበት ከቆየ፣ ገንዘባችንን ለዱቄት ሳናወጣ ጠንክረናል ማለት ነው።

አላህ ጤናና ብርታት ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።