ትናንት አንደኛ የነበረ ዘፈን ዛሬ ለምን አንደኛ አይሆንም?
ስለ ዘፈኖች ደረጃ አቈጣጠር አጭር ምርመራ

የቀድሞ ዘመን ዘፈን በተነሣ ቍጥር ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንደኛው ወገን «ይህ ዘፈን እንዴት ሊወደድ ቻለ? የዚያን ጊዜ ሰው ጆሮ አልነበረውም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጆሮው የተበላሸስ የዛሬው ሰው ነው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ሰው ምርጫ ነው፤ ዘፈኑን አንደኛ ያሰኘው ቍጥር ራሱ እንዴት እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ1958 ጀምሮ በየሳምንቱ የሚያወጣውን «ሆት ሃንድረድ» የተባለውን የመቶ ዘፈኖች ሠንጠረዥ ነው። ይህ ሠንጠረዥ ከስድሳ ዓመት በላይ የዘለቀ በመሆኑ ትናንትን ከዛሬ ጋር ለማስተያየት ይመቻል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ) ስለ ዘፈኑ ቅርጽ

በ1960 የፐርሲ ፌይዝ ኦርኬስትራ የተጫወተው «ቲም ፍሮም ኤ ሰመር ፕሌስ» የተባለው የፊልም ዜማ ዘጠኝ ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ቈየ። ይህ ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመሣሪያ ድምፅ ብቻ እንጂ የሚዘፈን ቃል የለውም። በ1962 መጨረሻም ቶርኔዶስ የተባሉት እንግሊዛውያን ስለ አዲሲቱ የመገናኛ ሳተላይት የተጫወቱት «ቴልስታር» እንዲሁ ያለ ቃል አንደኛ ወጣ። በ1985 የያን ሃመር «ማያሚ ቫይስ ቲም» ከዚያ ስፍራ ከደረሰ ወዲህ ግን ፍጹም ቃል የሌለው ዜማ አንደኛ ሲሆን አልታየም።

ታዲያ ያለ ቃል ዜማ የሚሰማ ሰው ጠፍቶ ነውን? አይደለም። ከመካከላችን እያጠና እንዲህ ያለ ሙዚቃ የማይከፍት ተማሪ ጥቂት ነው። ልዩነቱ ዜማውን በስሙ ጠርቶ የሚከፍት አለመኖሩ ነው፤ ረጅም የዜማ ዝርዝር ከፍቶ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል፤ መደመጡም በመቶ ዜማዎች ላይ ይበተናል። በ1960 ግን ዜማውን የወደደ ሰው ሱቅ ገብቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ ሸክላውን መግዛት ነበረበት። ስለዚህ ፍቅሩ ሁሉ በአንድ ስም ላይ ይከማች ነበር።

የዘፈን ርዝመትም እንደዚሁ ነው። የዶን ማክሊን «አሜሪካን ፓይ» ከስምንት ደቂቃ ተኩል በላይ የሚፈጅ በመሆኑ በባለ 45 ዙሩ ሸክላ በአንድ ገጽ ሊበቃ ስላልቻለ በሁለቱ ገጾች ተከፍሎ ታተመ፤ ቢሆንም በ1972 አራት ሳምንት አንደኛ ሆኗል። ዛሬ ስፖቲፋይን በመሰለው የኢንተርኔት አገልግሎት አንድ ዘፈን እንደ ተደመጠ የሚቈጠረው 30 ሴኮንድ ሲሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃ ቢቀጥል ወይም ስምንት ደቂቃ፣ የሚቈጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ረጅም ዘፈን ቢደመጥም ትርፍ የለውም፤ አጭሩ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ ይቈጠራል። በ2019 ዐሥራ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ የሆነው የሊል ናስ ኤክስ «ኦልድ ታውን ሮድ» በመጀመሪያው ቅጂው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። እርግጥ በ2021 የቴይለር ስዊፍት የዐሥር ደቂቃ ዘፈን አንደኛ ወጥቷል። ይሁን እንጂ እርስዋ አስቀድማ እጅግ ብዙ ተከታይ ያፈራች ናት፤ እንግዳ ዘፋኝ በዚያ መንገድ ይደርሳል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

ለ) ስለ ዘፈኑ መልእክት

ሁለተኛው ምክንያት የሕዝብ ኅሊና መለወጥ ነው። በ1971 ሁለት ሳምንት አንደኛ የነበረው የሮሊንግ ስቶንስ «ብራውን ሹገር» በባርነት ተሸጠው ስለሚደፈሩ ጥቍር ሴቶች በጨዋታ መልክ የሚዘፍን ነው፤ ቡድኑ ራሱ በ2021 ጕዞው ላይ ሳይጫወተው ቀርቷል። በ1974 ሪንጎ ስታር «ዩር ሲክስቲን» በተባለው ዘፈኑ አንደኛ ሲሆን ዕድሜው 33 ነበር፤ የምትወደሰው ልጅ ግን ገና 16 ዓመትዋ ነው። ያን ጊዜ እንደ ቀላል ጨዋታ የታየው ዛሬ ጥያቄ ሳይነሣበት አያልፍም። በዚህ ረገድ የዘመናችን አድማጭ ተበላሸ ለማለት አያስደፍርም፤ ቀድሞ ያልተሰሙት ሰዎች ቅሬታ ዛሬ ስለ ተሰማ ነው።

ነገር ግን ይህን ለውጥ ሁልጊዜ ከድንቍርና ወደ ዕውቀት የሚወስድ ቀጥተኛ መንገድ አድርገን እንዳናየው መጠንቀቅ ይገባናል። በ1966 ባሪ ሳድለር የተባለ ወታደር የአሜሪካን ልዩ ጦር ያወደሰበት ዘፈን አምስት ሳምንት አንደኛ ነበር። አራት ዓመት ቈይቶ፣ በ1970፣ በዚያው አገር፣ በዚያው ሠንጠረዥ፣ የኤድዊን ስታር ጦርነትን የሚያወግዝ ዘፈን ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በመካከሉ የተለወጠው የቪየትናም ጦርነት ሁኔታ ነው። ዘፈን «ጊዜው አለፈበት» ለመባል ረጅም ዘመን አያስፈልገውም ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜም የማያልፈው ዘፈኑ ሳይሆን የተሸጠበት ስም ነው። በ1963 ጃፓናዊው ክዩ ሳካሞቶ በገዛ ቋንቋው የዘፈነው፣ እንባው እንዳይወርድ ቀና ብሎ ስለሚሄድ ብቸኛ ሰው የሚናገር ዘፈን በአሜሪካ ሦስት ሳምንት አንደኛ ወጣ። በምዕራቡ ዓለም የሸጡት ነጋዴዎች ግን የጃፓኑ ርእስ ለአፍ አይመችም ብለው «ሱኪያኪ» አሉት። ሱኪያኪ ከዘፈኑ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሥጋ ወጥ ስም ነው። የኀዘን እንጕርጕሮን በወጥ ስም መጥራት ዛሬ መሳለቂያ ያደርጋል። በባዕድ ቋንቋ መዘፈኑ ግን እንቅፋት አይሆንበትም ነበር፤ በ2020 ቢቲኤስ የተባሉት ወጣቶች በአብዛኛው በኮሪያ ቋንቋ በዘፈኑት ዘፈን አንደኛ ሆነዋልና።

ሐ) ስለ አቈጣጠሩ

ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ሠንጠረዡ የሚዘጋጀው ሸክላ ሻጮችና የራዲዮ ጣቢያዎች በሚሰጡት ቃል ነበር። ባለ ሱቁ በሳምንቱ በብዛት የተሸጠውን በግምት ይናገራል፤ ጣቢያውም የሚያሰማውን ይዘረዝራል። አንዳንድ የራዲዮ አቅራቢዎች ከሸክላ አሳታሚዎች በስውር ገንዘብ እየተቀበሉ ዘፈን ያሰሙ እንደ ነበር በ1959ና በ1960 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት በተደረገው ምርመራ ተገልጧል። በ1991 መጨረሻ የሰው ቃል ቀርቶ ሽያጩም የራዲዮውም ስርጭት በመሣሪያ መመዝገብ ጀመረ፤ በ2013 ደግሞ በዩቲዩብ የታየው ተጨመረበት።

ይህ ለውጥ ምን እንዳስከተለ ከሁሉ አጕልቶ የሚያሳየን አንድ የፈረንጆች የገና ዘፈን ነው። ብሬንዳ ሊ «ሮኪን አራውንድ ዘ ክሪስማስ ትሪ» የተባለውን በ1958 በ13 ዓመትዋ ዘፈነች። በዚያ ዓመት ወደ ሠንጠረዡ አልገባም፤ በ1960ም የደረሰው 14ኛ ብቻ ነው። በታኅሣሥ 2023፣ ማለት ከ65 ዓመት በኋላ፣ ያው ቅጂ አንደኛ ሆነ። ዘፈኑ አልተለወጠም። ቀድሞ አንድ ቤተ ሰብ ሸክላውን አንድ ጊዜ ገዝቶ ለሠላሳ ዓመት በየገናው ቢሰማው የሚቈጠረው የተገዛበት ቀን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን የሚቈጠረው እያንዳንዱ መደመጥ ነው። የቀድሞው ሠንጠረዥ ሰው ምን ለመግዛት እንደ ፈቀደ ይነግረናል፤ የዛሬው ምን ደጋግሞ እንደ ሰማ ይነግረናል። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም።

እንግዲህ «ይህ ዘፈን ዛሬ አንደኛ አይሆንም» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እየተናገርን መሆኑን ማወቅ አለብን፤ ቅርጹ ለዛሬው ማድመጫ አይመችም፣ መልእክቱን ኅሊናችን አይቀበለውም፣ ወይም ሚዛኑ ተለውጧል። ሦስቱን ሳይለይ ስለ አንድ ትውልድ ጆሮ የሚፈርድ ሰው፣ በቍና የተሰፈረውን በኪሎ ከተመዘነው ጋር እንደሚያወዳድር ነጋዴ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን ስለ አባቶቻችን ዘመን ዘፈን ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ፣ አምሐ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሐ ሬኮርድስ ካሳተማቸው ሸክላዎች ስንቱ እንደ ተሸጠ በመቍጠር ብቻ የሕዝቡን ፍቅር አገኘሁት ሊል አይችልም። አንዱ ሸክላ በቡና ቤት ሲሽከረከር ሌሊቱን ስንት ሰው እንደ ሰማው፣ በኋላም አንዱ ካሴት ወደ ስንት ካሴት እንደ ተገለበጠ በየትኛውም የሽያጭ መዝገብ አልተጻፈም። ያን ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም በየቤታችን አሉ። ስለዚህ በዚህ ረገድ ጥናት የሚጀምር ባልንጀራችን ቍጥር ፍለጋ ከመሄዱ በፊት እነርሱን ቢጠይቅ መልካም ይመስለናል፤ ጥያቄውም «ምን ትወዱ ነበር?» ብቻ ሳይሆን «የት፣ ከማን ጋር፣ በምን ትሰሙት ነበር?» የሚል ሊሆን ይገባል።