ትዝታው የቀረ ምግብ ቤት

ዛሬ በአሜሪካ አገር ዕድሜያቸው የገፋ ብዙ ሰዎች፥ በልጅነታቸው ይመገቡበት የነበረውን «በርገር ሼፍ» በናፍቆት ያነሡታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የተቋቋመው ይህ ድርጅት፥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 በላይ ምግብ ቤቶች ነበሩት፤ በብዛት የሚበልጠውም ማክዶናልድ ብቻ ነበር።

በ1973 የሕፃናትን ምግብ ከመጫወቻ ጋር በአንድ ካርቶን ማቅረብ ጀመረ፤ ማክዶናልድ ይህንኑ የመሰለውን በመላ አገሩ ያወጣው በ1979 ነው።

ይሁን እንጂ በ1968 ድርጅቱን የገዛው ጄኔራል ፉድስ ቅርንጫፎቹን ያለ ልክ በጥድፊያ በማብዛቱ ብርቱ ኪሳራ ደረሰበት። በ1982ም ለሌላ ሸጠው፤ አዲሱ ባለቤት ብዙዎቹን ቤቶች ወደ ራሱ ስም አዛወረ። የመጨረሻው በ1996 ተዘጋ።

እንግዲህ የደንበኛ ፍቅርና አዲስ ሐሳብ ብቻቸውን ንግድን አያጸኑም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ብሂል ቅርንጫፍ ለሚያበዛ ነጋዴም የተነገረ ነው።