የሱልጣኑ ቃል የሚጸናበት ፈርጥ

በድሮው ቤተ መንግሥት የንጉሥ ትእዛዝ የሚከበረው በጽሑፉ ማማር አልነበረም። ጸሐፊው አሳምሮ ቢጽፈው፣ መልእክተኛውም ፈጥኖ ቢያደርሰው፣ ማኅተም ካላረፈበት የሚታዘዝለት አይገኝም። በእስላማዊው ዓለም ይህን ሥልጣን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ጣት ላይ የሚጠለቅ ቀለበት ወይም በመዳፍ የሚጨበጥ የተቀረጸ ድንጋይ ነበር። የመንግሥት ታማኝነትና የእጅ ጥበብ እንዲህ ተጋምደው የኖሩበት ሥራ ጥቂት ነው።

ሙስሊም ነገሥታት ለማኅተም የሰጡት ክብር ከነቢዩ ሙሐመድ ቀለበት ጋር የተያያዘ ነው። ነቢዩ ለሮማውያን ደብዳቤ ለመላክ ሲያስቡ፣ ያልታተመ ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። በዚህ ምክንያት የብር ቀለበት አሠሩ፤ «ሙሐመድ የአላህ መልእክተኛ» የሚል ጽሑፍም በሦስት መስመር ተቀረጸበት። ሶሒሕ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ መጽሐፍ የሰፈረ አንድ ዘገባ የቀለበቱ ፈርጥ «ሐበሻዊ» እንደነበር ይናገራል። ሊቃውንቱም ድንጋዩ ከሐበሻ ምድር ስለመጣ ነው ወይስ በቀለሙ ምክንያት እያሉ ሲያብራሩት ኖረዋል። ከነቢዩ በኋላ ቀለበቱ ከኸሊፋ አቡበከር ወደ ዑመር፣ ከዑመርም ወደ ዑስማን ተላለፈ፤ በመጨረሻ መዲና ውስጥ አሪስ በተባለው የውኃ ጉድጓድ ወደቀ። ውኃው ተቀድቶ ሦስት ቀን ቢፈለግም አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. ከ661 እስከ 680 የገዛው ኸሊፋ ሙዓዊያ ደግሞ የማኅተም ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ኸሊፋው ለአንድ ሰው 100,000 ድርሃም እንዲከፈለው ደብዳቤ ሲሰጠው፣ ሰውየው ከፍቶ 200,000 አደረገው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ታስሮና ታትሞ ይወጣ ጀመር።

ቀራጮቹ አብዝተው የሚመርጡት ድንጋይ ቀይ አቂቅ ነበር። አቂቅ ብረት በቀላሉ የማይቧጭረው ጠንካራ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ቀራጩ በሚሽከረከር ቀጭን መሰርሰሪያ ጫፍ የጠጣር ድንጋይ ዱቄት እየጨመረ ቀስ በቀስ ይፍቀዋል። ከሁሉ የሚከብደው ጽሑፉ ነው፤ ወረቀት ላይ ቀንቶ እንዲነበብ ድንጋዩ ላይ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። የዐረብኛ ፊደላት እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ከላይና ከታችም ነጥብ አላቸው። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች ንባቡ ይለወጣል፤ አንዴ የተቦረቦረ ድንጋይም አይታረምም። ሲታተም ቀለሙ በጣት ይቀባል፣ ወረቀቱ በጥቂቱ ይረጥባል፣ ከዚያ ማኅተሙ ይጫናል። ቀለሙን የሚይዘው ያልተቦረቦረው ገጽ ስለሆነ ስሙ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ጥበብ በሕንድ ሙጋሎች ዘንድ እጅግ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1556 እስከ 1605 የነገሠው የአክበር ታሪክ ጸሐፊ አቡል ፈዝል እንደመዘገበው፣ መውላና መቅሱድ የንጉሡን ስም ከአያት ቅድመ አያቶቹ ጋር እስከ ቲሙር ድረስ ቆጥሮ በአንድ ክብ ብረት ላይ ቀረጸ። የዴልሂው መውላና ዐሊ አሕመድ ደግሞ ሥራውን አሻሻለው። የትውልድ ሐረጉን የያዘው ትልቁ ማኅተም መጀመሪያ ለውጭ ነገሥታት ደብዳቤ ብቻ ያገለግል ነበር። ለፍርድ ጉዳይ በሚሕራብ (በመስጊድ ቅስት) ቅርጽ የተሠራ፣ ለሌሎች ትእዛዞች አራት ማዕዘን፣ ለእልፍኝ ጉዳዮችም የራሱ የሆነ ማኅተም ነበረው። የውጭ ንጉሥ ደብዳቤውን ሲከፍት ገና ቃሉን ሳያነብ ላኪው የማን ዘር እንደሆነ ያያል።

ማኅተሙን መያዝ ራሱ ሹመት ነበር። የኦቶማን ሱልጣን ማኅተሙን ሲሰጠው ሰውየው ታላቅ ቪዚር (ዋና ሚኒስትር) ይሆናል፤ መልሶ ሲቀበለው ተሻረ ማለት ነው። የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን የመንግሥቱን ማኅተም በአደራ የሰጠው ለሚወዳት ሚስቱ ለሙምታዝ ማሃል ነበር። ታጅ ማሃል የተሠራው ለዚህችው እቴጌ መቃብር ነው።

ሙጋሎቹ ማኅተማቸውን በቤተ መጻሕፍታቸው መጻሕፍት ላይም ያሳርፉ ነበር። በዚህም የተነሣ ዛሬ ተመራማሪዎች አንድ የብራና ወይም የወረቀት መጽሐፍ በማን እጅ እንዳለፈ ከማኅተሞቹ ይከታተላሉ። አቡል ፈዝል የቀራጮቹን ስም በመንግሥት ታሪክ ውስጥ ማስፈሩ ተገቢ ነበር። ለእኔ ማኅተም ቀራጩ የሚሰለፈው ከታላላቆቹ ቁም ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ተርታ ነው። እነሱ በወረቀት የሠሩትን እሱ ገልብጦ፣ አሳንሶ፣ ድንጋይ ላይ ሠርቶታልና።