ከከርነሉ ጋር የሚመጣው ሰነድ፦ ዲስክ፣ ሞጁልና የማስነሻ ቃላት

የሊኑክስ ከርነል ምንጭ ኮድ ሲወርድ «ዶኩመንቴሽን» የሚባል ማህደር አብሮት ይመጣል። ከርነሉ በፕሮግራሞችና በማሽኑ አካላት መካከል ቆሞ ራም የሚያከፋፍል፣ ዲስክ የሚያነብና የሚጽፍ፣ ፕሮሰሰሩን ለሁሉም በየተራ የሚያዳርስ ፕሮግራም ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ላይ ተማሪ ሳለ ጀመረው፤ ዛሬ በአንድሮይድ ስልክም በሰርቨርም ውስጥ አለ። ይህን የማያውቅ የኮምፒውተር ባለሙያ ጥቂት ነው። ሰነዱን ከፍቶ ያነበበ ባለሙያ ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

ሰነዱን ከሌሎች መመሪያዎች የሚለየው ከኮዱ ጋር በአንድ ዛፍ ላይ መብቀሉ ነው። አንድ ሰው ኮዱን ሲለውጥ የሚመለከተውን ገጽ በዚያው ለውጥ ውስጥ እንዲያርም ይጠበቅበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ የከርነል ስሪት የራሱ ሰነድ አለው፤ ለአንዱ የተጻፈው ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ለረጅም ዓመታት ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ክምር የነበረው ስብስብ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጆናታን ኮርቤት አስተባባሪነት መልክ እየያዘ፣ በምዕራፍ እየተከፋፈለ መጥቷል። የትርጉም ማህደርም አለው፤ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ጣልያንኛና ስፓኒሽ ተቀምጠውበታል። አማርኛ የለበትም።

ማከማቻን የሚመለከተው ጽሑፍ በአንድ ቦታ አልተሰበሰበም። ጥያቄዎች ወደ ዲስኩ በምን ተራ እንደሚሄዱ «ብሎክ» በሚለው ማህደር፣ ኤክስት4ና መሰሎቹ የፋይል ሥርዓቶች «ፋይልሲስተምስ» በሚለው፣ አስተዳዳሪ ሊነካቸው የሚችላቸው ቁጥሮች ደግሞ «አድሚን ጋይድ» በሚለው ውስጥ ይገኛሉ። መነሻው ስም ነው። የሳታና የዩኤስቢ ዲስኮች ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እየተባሉ በተገኙበት ቅደም ተከተል ይሰየማሉ። ባንክ ገብቶ የወረፋ ቁጥር እንደ መቁረጥ ነው፤ ቁጥሩ የተራው እንጂ የሰውየው አይደለም። ነገ ሌላ ሰው ቀድሞ ከገባ ቁጥሩ ይለወጣል። ፍላሽ ተሰክቶ የተነሳ ማሽንም ትናንት ኤስዲኤ ያለውን ዲስክ ዛሬ ኤስዲቢ ሊለው ይችላል።

ከስሙ ቀጥሎ መታወቅ ያለበት የመጻፊያው ጊዜ ነው። አንድ ፋይል ወደ ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ከርነሉ ጽሑፉን መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ራም ላይ ነው። የዘወትሩ ልክ ይህ ነው፦ ከራም ወደ ዲስክ የሚጽፈው የከርነሉ ክር በየ5 ሰከንዱ ይነቃል፣ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ 30 ሰከንድ ሲሞላው ለመጻፍ ደርሷል ይባላል። ሰነዱ ልኩን የሚያስቀምጠው በመቶኛ ሰከንድ ስለሆነ ቁጥሮቹ 500 እና 3000 ተብለው ይታያሉ። ግልበጣው አለቀ የሚለው መስመር ስክሪኑ ላይ ሲሞላ ያለቀው ወደ ራም መግባቱ ሊሆን ይችላል። ፍላሹን በዚያች ቅጽበት ነቅሎ የሚሄድ ሰው ግማሽ ፋይል ይዞ ይሄዳል፤ በማግስቱም ፍላሹ ቫይረስ አለበት ይላል። «ሲንክ» የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ወይም «ኢጀክት» የሚለውን መጫን የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ይህችን ማለፍ ስንፍና እንጂ ሌላ ስም የለውም።

መብራት የሚሄድበት ከተማ ውስጥ ስለ ኤክስት4 የተጻፈው ገጽ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሊነበብ ይገባዋል። የኤክስት4 ሰነድ ድሮ እንዲህ ይል ነበር፦ ማሽኑ ድንገት ቢጠፋ ቢበዛ የመጨረሻዎቹ 5 ሰከንዶች ሥራ ይጠፋል፤ መዝገብ ያዡ ጆርናል ስላለ የፋይል ሥርዓቱ ራሱ አይበላሽም። በኋላ ግን ገጹ ራሱን አረመ። ኤክስት4 ለአዲስ ጽሑፍ ቦታ የሚመድበው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ከ5 ሰከንድ የቆየ ነገርም ሊጠፋ እንደሚችል፣ ወሳኙም ያ የ3000 ቁጥር እንደሆነ ጨመረ። ብስራተ ገብርኤል ሰፈር ውስጥ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባለችው ክፍተት ዩፒኤስ የሌለው ማሽን ላይ ሲተይብ የነበረ ሰው፣ «ሴቭ አድርጌው ነበር» ሲል እውነቱን ነው። ከርነሉም የተነገረውን አልጣሰም። ሴቭ ማድረግና ዲስክ ላይ መድረስ ሁለት ነገር መሆናቸውን ሰነዱ ጽፎ አስቀምጦታል።

ሞጁል ከርነሉ እየሠራ ሳለ የሚታከልና የሚነሳ የከርነል ቁራጭ ነው፤ አብዛኞቹ ድራይቨሮች የሚመጡት በዚህ መልክ ነው። ከከርነሉ የምንጭ ኮድ ዛፍ ውጭ የተጻፈን ሞጁል ስለ መሥራት የሚያስረዳው ገጽ «ኬቢልድ» በሚባለው ማህደር ውስጥ ነው፤ 8123 በተባለ የይስሙላ ካርድ እያስረዳ ነገሩን ደረጃ በደረጃ ይወስደዋል። ቁም ነገሩ አንድ ነው፦ ሞጁሉ የሚሠራው ለአንድ ከርነል ነው። «ሜክ» የተባለው ትእዛዝ በመጀመሪያ እየሠራ ወዳለው ከርነል የግንባታ ማህደር ይላካል፤ ከዚያ የተሰጠውን መንገድ ይዞ ወደ ሞጁሉ ማህደር ይመለሳል። ልኩን የሚወስደው ከዚያኛው፣ ጨርቁን ከዚህኛው ነው። ልብስ ሰፊ ያለ ልክ እንደማይቆርጠው ሁሉ፣ ተመሳሳይ ስሪት ያላቸው የከርነሉ ሄደሮች ካልተጫኑ ሥራው አይጀመርም።

ልኩ በየስሪቱ የሚለወጠው በቸልተኝነት አይደለም። ከርነሉ ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች የገባውን ቃል አጥብቆ ይጠብቃል፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የተሠራ ፕሮግራም ዛሬም እንዲሠራ ይተጋል። ለውስጥ ክፍሎቹ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልገባም፤ ግሬግ ክሮኣ ሃርትማን የጻፈው አንድ ገጽ ለምን እንዳልገባ በዝርዝር ያስረዳል። ለዚህ ነው ለዩኤስቢ ዋይፋይ በእጅ የተሠራ ድራይቨር ከርነሉ ሲታደስ የሚጠፋው። ጥፋቱን በማደሻው ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ መፍትሔው ግን ሞጁሉን እንደገና መሥራት ወይም ይህን በየእድሳቱ ራሱ የሚሠራውን ዲኬኤምኤስን መጠቀም ነው። አልገባ ያለን ሞጁል በግድ የሚያስገባ አማራጭ አለ፤ ልክ ያልሆነ ጫማ በመዶሻ እንደ ማስገባት ነውና ባይነካ ይመረጣል።

የማስነሻ ቃላት ዝርዝር ከሰነዱ ትልልቅና ተወዳጅ ፋይሎች አንዱ ነው። ማሽኑ ሲበራ ግረብ የተባለው ጫኝ ከርነሉን ራም ላይ ያስቀምጥና አንድ መስመር ጽሑፍ ያስይዘዋል። መልእክት አታብዛ የሚለው «ኳየት»፣ ዲስኩን ለጊዜው ለንባብ ብቻ ክፈት የሚለው «አርኦ»፣ የስክሪን ድራይቨሩ በማስነሻው የተዘጋጀውን ምስል እንዳይነካ የሚከለክለው «ኖሞድሴት»፣ ሁሉም እዚያ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ከሁሉም በላይ የሚያጣላው ግን «ሩት» ነው፤ የሥርዓቱ ዋና ፓርቲሽን የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ቃል።

ዛሬ በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ከ«ሩት» ቀጥሎ የሚታየው ዩዩአይዲ የሚባል ረጅም ቁጥር ነው። እንደ ኤስዲኤ ያለው ስም የወረፋ ቁጥር ስለሆነ በመታወቂያ ቁጥር መተካቱ ትክክል ነው። ስህተቱ ይህን መታወቂያ የሚያነበው ከርነሉ ነው ብሎ ማመን ነው፤ ለዓመታት በሙያው የቆዩ ሰዎችም ይህን ያምናሉ። ከርነሉ አያነበውም። ዩዩአይዲ የተጻፈው በፋይል ሥርዓቱ ውስጥ ነው፤ እሱን ለማግኘት እያንዳንዱን ፓርቲሽን ከፍቶ የኤክስት4 ነው፣ የኤክስኤፍኤስ ነው እያሉ መፈተሽ ይጠይቃል። ከርነሉ ይህን ሥራ ለሌላ ትቶታል። ሥራውን የሚሠራው ኢኒትራምኤፍኤስ ነው፤ ከከርነሉ ጋር ራም ላይ የሚጫን ትንሽ የታሸገ ሥርዓት፣ ውስጡ ጥቂት ትእዛዞችና ለመነሳት የሚያስፈልጉ ሞጁሎች ያሉበት። የዲስኩ ድራይቨር ሞጁል ከሆነና የሚገኘው ዲስኩ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ትቶ ሳጥኑን እንደ መቆለፍ ነው። ኢኒትራምኤፍኤስ ቁልፉን ውጭ ይዞ ይጠብቃል፤ ዲስኩን ያነቃል፣ ዩዩአይዲውን ይፈልጋል፣ ፓርቲሽኑን ከፍቶ ቦታውን ይለቃል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ባለ አንድ ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ታይቷል። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ የሒሳብ ፋይል ያለበት፣ ዴቢያን ሊኑክስ የተጫነበት ዴስክቶፕ ይዛ መጣች። ማታ እድሳት ተደርጎለት ጠዋት አልነሳም። ስክሪኑ ላይ የሩት ፓርቲሽን ሊከፈት አልቻለም የሚል መልእክት፣ ከአጠገቡ በቅንፍ 0 እና 0፣ ከላዩም የተገኙ ፓርቲሽኖች እነሆ የሚል ርዕስ ነበረ። ከርዕሱ ሥር ሃርድ ዲስኩ የለም። ወጣቱ ባለሙያ አንገቱን ነቀነቀ፤ «እህቴ፣ ሃርዱ ሞቷል። አዲስ ገዝተሽ ፎርማት እናድርገው» አላት። በዕድሜ የሚበልጠው ባልደረባው ከወንበሩ ሳይነሳ «ቆይ እስቲ፣ በአሮጌው ከርነል አስነሳው» አለው። ግረብ ላይ የቆየው ስሪት ተመረጠ፤ ማሽኑ ተነሳ፣ ፋይሉም እንዳለ ተገኘ።

የሆነው ይህ ነበር። አሮጌ ከርነሎች ተከማችተው «ቡት» የተባለው ትንሽ ፓርቲሽን ሞልቷል። እድሳቱ አዲሱን ከርነል ሲያስገባ ለኢኒትራምኤፍኤሱ ቦታ አጣ። ጠዋት ከርነሉ ብቻውን ተነሳ፤ በእጁ የተሰጠው ግን ማንበብ የማይችለው ዩዩአይዲ ነው። የሳታ ድራይቨሩም ሞጁል ሆኖ ባልመጣው ዕቃ ውስጥ ስለቀረ ዲስኩን ጨርሶ አላየውም። ዲስኩ ደህና ነበር። አሮጌዎቹ ከርነሎች ተሰርዘው ኢኒትራምኤፍኤሱ እንደገና ሲሠራ አዲሱም ተነሳ።

በቅንፍ የሚወጡት ሁለት ቁጥሮች ለማንበብ ቀላል ናቸው። 0 እና 0 ከሆኑ ከርነሉ የተነገረውን መሣሪያ አላገኘውም ወይም ስሙን አላወቀውም። 8 እና 1 ከሆኑ ግን የመጀመሪያውን ዲስክ የመጀመሪያ ፓርቲሽን አግኝቶታል፤ ያልገባው በውስጡ ያለው የፋይል ሥርዓት ነው። የፓርቲሽኖቹ ዝርዝር ባዶ ከሆነ የጎደለው ድራይቨር ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩ በሌላ ስም ከተዘረዘረ የተሳሳተው የማስነሻው መስመር ነው። ዩዩአይዲው አልተገኘም የሚል ማስታወቂያ ወጥቶ ትንሽ የትእዛዝ መስመር ከተከፈተ ደግሞ ተናጋሪው ኢኒትራምኤፍኤስ ነው፤ ከርነሉ የራሱን ድርሻ ጨርሷል። ይህን ሁሉ ሳያነቡ ፎርማት ማድረግ የሰው ንብረት ማጥፋት ነው።

ከርነሉ ያለማንም እርዳታ የሚያነበው መታወቂያም አለ፤ ፓርትዩዩአይዲ ይባላል። የተጻፈው ከፋይል ሥርዓቱ ውጭ በፓርቲሽን ሰንጠረዡ ላይ ነው፤ ሰንጠረዡን ደግሞ ከርነሉ ዲስኩን ባገኘበት ቅጽበት ያነበዋል። ራስፕበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ ይነሳ ስለነበር የማስነሻ መስመሩ ላይ የሚታየው ይኸው ነው፤ ከአጠገቡም ዲስኩ እስኪመጣ ጠብቅ የሚለው «ሩትዌይት» አይለየውም፣ ካርድና ዩኤስቢ ዘግይተው የሚደርሱ ናቸውና። ሁለቱም መታወቂያዎች አንድ ድክመት ይጋራሉ። አንድ ዲስክ እንዳለ ወደ ሌላ ሲገለበጥ መታወቂያውም አብሮ ይገለበጣል፤ ዋናውንና ቅጂውን ባንድ ማሽን ላይ ሰክቶ ማስነሳት የትኛው እንደሚከፈት ለዕድል መተው ነው።

ግረብ ላይ «ኢ» የምትለውን ፊደል ተጭኖ መስመሩን ማረም ይቻላል፤ እርማቱ ለዚያች አንድ መነሳት ብቻ ስለሚያገለግል ለመሞከር አያስፈራም። የተነሳ ማሽን በየትኛው መስመር እንደተነሳ «ፕሮክ» ሥር ባለው «ሲኤምዲላይን» ፋይል ውስጥ ይነበባል። በቃሉና በእኩል ምልክቱ መካከል ክፍት ቦታ አይገባም። በቃላት ስም ውስጥ ሰረዝና የታች ሰረዝ እኩል ናቸው። መጠን ሲጻፍ ሜጋ ወይም ጊጋ የሚለውን ፊደል መርሳት አይገባም፤ «ሜም» በሚለው ቃል ፊት ባዶ 512 ብሎ የጻፈ ሰው ማሽኑን በ512 ባይት እንዲነሳ አዞታል። ነጥብ ያለበት ቃል የሞጁል ነው፦ ከነጥቡ በፊት የሞጁሉ ስም፣ ከነጥቡ በኋላ የአማራጩ። በዘወትሮቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ መስመሩ ከ2048 ፊደላት አይበልጥም።

ከርነሉ የማያውቀውን ቃል ሲያገኝ አይቆምም። እኩል ምልክት ያለበትን እንደ አካባቢ ተለዋዋጭ፣ የሌለበትን እንደ ትእዛዝ ማሟያ አድርጎ ለመጀመሪያው ፕሮግራም ለኢኒት ያስተላልፈዋል። በፊደል ስህተት የተጻፈ አማራጭ በዝምታ የሚያልፈው ለዚህ ነው፤ አዳዲሶቹ ከርነሎች ግን ያላወቋቸውን ቃላት በመነሻ መልእክታቸው ይዘረዝራሉ። መስመሩ ላይ ሁለት ሰረዝ ለብቻው ከተቀመጠ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የኢኒት ነው፤ ከርነሉ አይነካውም።