ኮዱን ተዉትና ወረቀት አምጡ

ጁባ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተው ሦስት አራት ሆነው የሚኖሩ ሐበሾችን አስቡ። የውሃው ቦቴ ዛሬ ይመጣል? በርሜሉ ስንት ቀን ያደርሳል? የጄኔሬተሩን ነዳጅ የመግዛት ተራ የማን ነው? የእቁቡ ቀንስ? ይህን ሁሉ የሚይዝ የቤት መተግበሪያ ልትሠሩ ተነስታችኋል እንበል። እንግዲያው ኮድ ሳትጽፉ በፊት በጣም የምወደውን ዘዴ ላሳያችሁ።

የደብተር ወረቀት በስልክ መጠን ቁረጡና ገጾቹን በእርሳስ ሳሉ። ከግቢው ሰዎች ለአንዷ ስጧት። እሷ «ውሃ» የሚለውን በጣቷ ስትነካ እናንተ ቀጣዩን ወረቀት ታስቀምጡላታላችሁ። ኮምፒውተሩ እናንተው ናችሁ! የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ የወጣውን ፓልም ፓይለት የተባለ የኪስ ኮምፒውተር የፈጠረው ጄፍ ሃውኪንስ መጀመሪያ የእንጨት ቁራጭ በኪሱ ይዞ እየዞረ፣ እንደሚሠራ ዕቃ እያወጣ ይሞክረው ነበር።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። «እንዴት ነው፣ ወደድሽው?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ይሉኝታ አለብን፤ የለፋ ሰው ፊት ተቀምጦ «አልገባኝም» የሚል ማን አለ? ይልቅ ሥራ ስጧት፦ «ቦቴው መቼ እንደሚመጣ እይልኝ።» ከዚያ ዝም በሉ። ጣቷ የት ላይ እንደሚያመነታ ተመልከቱ።

ወረቀቱ ላይ «ውሃ 7:00» ብላችሁ ጽፋችኋል እንበል። እናንተ ያሰባችሁት በፈረንጅ አቆጣጠር ማለዳ ነው። እሷ ግን ከምሳ በኋላ ነው ብላ ታነባለች፤ ለእሷ ሰባት ሰዓት ሰባት ሰዓት ነውና። ቦቴው ማለዳ መጥቶ ሲሄድ በርሜሉ ባዶ ይቀራል። ላጲስ አንሱና «ጠዋት 1 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፣ አለቀ። ሌላም አለ፦ ደቡብ ሱዳን ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደኋላ መልሳለች። አዲስ አበባ 3 ሰዓት ሲሆን ጁባ 2 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ጋር እቁብ የገባ ሰው «የማን ሰዓት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የማን እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ስንት ሰው ይበቃል? ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው አምስት ሰው ከችግሮቹ ወደ 85 በመቶ የሚሆኑትን ያሳያል። ይህ የሚሠራው ግን አምስቱ ተመሳሳይ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ ነው። በግቢው የጁባ አረብኛ የሚናገሩ ጎረቤቶችም የሚጠቀሙበት ከሆነ እነሱንም ለብቻ አስቀምጣችሁ ሞክሩ።

በሉ፣ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ቁረጡና ከግቢው ሰው ፊት አስቀምጡ። የታዘባችሁትንም ጽፋችሁ ላኩልኝ።