ከቻሌንጁ በኋላ ያለው ፈተና

ክሪፕቶ የሚነግዱ ወጣቶች “ፕሮፕ ፈርም” የሚሉት ድርጅት አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም። ነጋዴው መመዝገቢያ ከፍሎ “ቻሌንጅ” ይወስዳል፤ በብዙዎቹ ዘንድ ከ8 እስከ 10 በመቶ ማትረፍ፣ በአንድ ቀን ደግሞ ከ5 በመቶ በላይ አለመክሰር ይጠበቅበታል። ካለፈ የድርጅቱን አካውንት ይረከባል፤ ከትርፉም አብዛኛው ድርሻ የእሱ ይሆናል።

ማስታወቂያው ላይ እምብዛም የማይነሳው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የማንነት ማረጋገጫ ነው፤ በነጋዴዎቹ አነጋገር “ኬዋይሲ”። ብዙ ድርጅቶች ገንዘብ ሲቀበሉ ከኢሜይል ያለፈ ነገር አይጠይቁም። ፓስፖርት አምጣ የሚሉት ቻሌንጁ ከታለፈ በኋላ ወይም የመጀመሪያው ክፍያ ሊወጣ ሲል ነው። ይህን ቅደም ተከተል ፍትሐዊ ነው ብዬ አልቀበለውም። ሰው ሰነዱ እንደማያገለግለው ማወቅ ያለበት ሳይከፍልና ሳይለፋ በፊት ነው።

ማጣሪያው ራሱ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። ሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውርን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው ኤፍኤቲኤፍ መመዘኛዎቹን ወደ ክሪፕቶ ዘርግቷል፤ ክፍያ የሚያስተላልፉት ኩባንያዎችም ተቀባዩ ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ድርጅቶቹም የራሳቸው ስጋት አለባቸው፤ ገንዘብ ተቀብሎ ቻሌንጁን ለሌላ ሰው የሚያልፍ አለ፣ በአምስት ስም አምስት አካውንት የሚከፍት አለ። ሴልፊ እያነሳችሁ ፊታችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሶፍትዌሩ ፓስፖርቱን ሲያነብ ዓይኑን የሚጥለው ከፎቶው ገጽ ግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ ነው። እያንዳንዱ መስመር 44 ፊደልና ምልክት ይይዛል፤ በመካከላቸው የተሰገሰጉት የማመሳከሪያ ቁጥሮች የፓስፖርቱ ቁጥር፣ የልደት ቀኑና ማብቂያው በትክክል መነበባቸውን ይፈትሻሉ። ከዚያ ያነበበውን በፎርሙ ላይ ከሞላችሁት ጋር ያስተያያል።

የእኛ ሰው እግር የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። በፓስፖርት የአያት ስም የቤተሰብ ስም ቦታ ይይዛል፤ ባለቤቱ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚጽፈው የራሱንና የአባቱን ነው፣ ፎርሙንም እንደዚያው ይሞላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ መሥሪያ ቤት በ“ቲ” ሲጀምረው ሌላው በ“ኤስ” ይጀምረዋል። የአንዲት ሴት ፓስፖርትና የባንክ ደብተር በአንድ ፊደል ከተለያዩ ለሶፍትዌሩ ሁለት ሴቶች ናቸው።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ጥር 15 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፓስፖርቱ ላይ ጃንዋሪ 23፣ 1998 ይሆናል። የቀበሌ መታወቂያውን ቀን እንዳለ የገለበጠ አመልካች ስምንት ዓመት ያህል ሸምግሎ ይታያል።

ከሁሉ የሚከፋው የአድራሻ ማረጋገጫው ነው። የሚፈለገው ከ3 ወር ያልበለጠ የመብራት ወይም የውኃ ደረሰኝ፣ አለዚያ የባንክ መግለጫ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ተከራይ የሆነ ሰው ቆጣሪው በአከራዩ ስም ነው፤ አድራሻውም ወረዳና የቤት ቁጥር እንጂ የመንገድ ስም የለውም። ባንኩ አድራሻ ያለበት ማኅተም የተደረገበት መግለጫ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍለት መጠየቅ ካሉት መንገዶች የተሻለው ነው። በቪፒኤን የሌላ አገር ሰው መስሎ መግባት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ፓስፖርቱ አንድ አገር፣ ግንኙነቱ ሌላ አገር ሲያሳይ አካውንቱ ይታገዳል፣ ትርፉም አብሮ ይቀራል።

ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ ስምን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጣምሮ ስለሚይዝ የስሙን ችግር ያቀልላል፤ የውጭ ድርጅት ይቀበለው እንደሆነ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። አገር ቤት ላለ ሰው ሌላም ጉዳይ አለ፤ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እውቅና እንደሌለው አሳውቋል። የውጭው ድርጅት ሰነዱን መቀበሉ ይህን አይለውጠውም።

ስለዚህ መመዝገቢያው ከመከፈሉ በፊት ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ሦስት ጥያቄ ይጻፍ፦ ኢትዮጵያ በምትቀበሏቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች ወይ? የትኛውን ሰነድ ትቀበላላችሁ? ክፍያ የሚላክበት አካውንት ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት ወይ? መልሱ በኢሜይል ይምጣ፣ ኢሜይሉም ይቀመጥ።