ሃሌ ሉያ ሲጾም

በዓቢይ ጾም ካቶሊኮች የሚተዉት ምግብ ብቻ አይደለም። በላቲን ሥርዓት አንድ ቃልም ይጾማል፤ «ሃሌ ሉያ»። ከጾሙ መግቢያ እስከ ትንሣኤ ሌሊት በቅዳሴም በመዝሙርም አይሰማም። ጸሎተ ሐሙስ ማታ ደግሞ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ዝም ይላል።

የጂማ-ቦንጋ ሀገረ ስብከት የሚመራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ካቶሊኮች ጸሎታቸው ቀዝቃዛ ነው፣ ከበሮና እልልታ አያውቅም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። ይህን የሚል ሰው ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ያለውን ቢያይ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር።

በስቅለት ቀን ቅዳሴ የለም። መሠዊያው ጨርቁ ሳይቀር ተነሥቶ ባዶውን ይቆማል። ካህኑ ያለ መዝሙር ገብቶ መሠዊያው ፊት በግንባሩ ይደፋል፤ ምእመኑም ይንበረከካል። ማንም አይናገርም። ጸሎቱና የሕማማቱ ንባብ ካበቃ በኋላ መስቀሉ ከፍ ይልና ሕዝቡ ተራ በተራ እየቀረበ ይሳለማል።

በማግስቱ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እሳት ይነዳል። ትልቁ የፋሲካ ሻማ ይመጣል፤ መስቀልና ዓመተ ምሕረት ይቀረጽበታል፣ የክርስቶስን አምስት ቁስሎች የሚያስታውሱ አምስት የዕጣን ፍሬዎች ይተከሉበታል። ከእሳቱ ተለኩሶ ወደ ጨለማው ቤት ይገባል፤ ከእርሱ እየተቀባበለ የእያንዳንዱ ሰው ሻማ ይበራል። ረጅሙ የብሉይ ኪዳን ንባብ ሲያልቅ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በአርያም» ይባላል፤ ያን ጊዜ ዝም ያለው ደወል ይደወላል። በእኛ አገር እልልታው፣ ጭብጨባውና ከበሮው ይከተላል። ከሐዋርያው መልእክት ንባብ በኋላም ካህኑ «ሃሌ ሉያ»ን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ዜማውን ከፍ እያደረገ ያነሣል፤ ሕዝቡም ይመልሳል። ያ ደስታ የሚገነፍለው ቃሉ ለሳምንታት ስለተናፈቀ ነው። ለእኔ አክብሮትና ደስታ ተቃራኒ አይደሉም፤ ሰው በግንባሩ ያልተደፋለትን ጌታ በእልልታ ሊቀበለው ይቸገራል።

በዚህ አካባቢ ይህ እምነት ትናንት የመጣ አይደለም። በሀገሬው አቡነ መሲያስ የሚባሉት ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጉሊየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ካፋ ገብተው በ1861 ተባረዋል። የሥራ ባልደረባቸው አባ ሊዮን እ.ኤ.አ. በ1879 በጌራ ምድር አረፉ። የማሳያ ድካም ልቡን የነካው የቱሪኑ ካህን ጁሴፔ አላማኖ እ.ኤ.አ. በ1901 የኮንሶላታ ሚስዮናውያን ማኅበርን መሠረተ። ልዑካኑን ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ስላልተቻለው የመጀመሪያዎቹን ወደ ኬንያ ላከ። በኋላ የማኅበሩ ካህን አባ ጋውዴንስዮ ባርላሲና ነጋዴ መስለው ካፋ ገቡ። ነጋዴ መስሎ የገባ ካህን ደወል አያስደውልም፤ የዛሬው እልልታ ብዙ ዝምታ ያለፈበት ነው።

ጂማ-ቦንጋ ከነቀምቴ ሀገረ ስብከት ተለይቶ ራሱን የቻለው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የመጀመሪያ ኃላፊው አባ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ኋላ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ካርዲናል ሆነዋል። የምእመናኑ ቁጥር ግን ትንሽ ነው፤ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ በሚበዙበት አገር ካቶሊክ ከጎረቤቱ ጋር ቡና እየተጠራራ ይኖራል።

ቡናው ጸሎቱንም ይነካል። የአገራችን ካቶሊክ ገናን የሚያከብረው ታኅሣሥ 29 ስለሆነ በዓሉ ከቡና ለቀማው ጋር ይገጥማል። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል ቀን መገላበጥ፣ ማታ መሸፈን ይፈልጋል፤ በዓል ብሎ አይጠብቅም። በአጋሮም በሊሙም ሰው ከዚህ ሁሉ ሥራ ተነሥቶ ለቅዳሴ መሄዱ ለእኔ ከዝማሬው ያላነሰ ምስጋና ነው።

ሥርዓቱን ማየት የሚፈልግ ካቶሊክ ያልሆነ ሰው መግባት ይችላል። ሲንበረከኩ መንበርከክ ባይሆንለት ቁጭ ይበል፤ ለቅዱስ ቁርባን ግን አይሰለፍ፤ እርሱ ለተዘጋጁ ምእመናን ነው። ለትንሣኤ የሚሄድ ከሆነ ሳይመሽ ይድረስ፤ እሳቱ የሚነደው ደጅ ላይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ነው።